ሸክላ በርበሬ አይደለም

ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ታቃጥላለች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ስንቱን ከጨረሰ ወዲህ ኅዳርን ማጠን ልማድ ሆኖ ቀርቷል፤ ጓዳው ይጠረጋል፣ ከአልጋ ሥር ያለው ጉድ ሁሉ ይወጣል፣ ደጃፍ ላይ ይከመራል፣ ይለኮሳል። ሰፈሩ በሙሉ ጭስ በጭስ ይሆናል። በዚያ ቀን ልብስ አጥቦ የሚያሰጣ ሰው የለም። አጎቴ ግን ሸክላ አጥበው አሰጡ።

ስደርስ ግቢው መሐል ሁለት ሰፌድ ተቀምጧል። በአንደኛው የአጎቴ ባለቤት የእትዬ የበርበሬ ዛላ ተዘርግቷል፤ ጭስ እንዳይገባበት ግን በላስቲክ ተሸፍኗል። በሁለተኛው ላይ ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ዓለማየሁ እሸቴና ማሕሙድ አሕመድ በጀርባቸው ተንጋለው ፀሐይ ይሞቃሉ። እነሱን የሸፈናቸው የለም። አጎቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው እትዬ “እንዲህ ያለ ጠንካራ ዕቃ ዛሬ አይገኝም” እያሉ የሚያሞግሱት ሰማያዊ ሳፋ፣ በሳፋው ውስጥ የኦሞ አረፋ፣ በአረፋው ውስጥ ሌላ ሸክላ፣ በእጃቸው ደግሞ የድስት መፈግፈጊያ።

“ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?”

“አታይም እንዴ? ቅርስ እያጠብኩ ነው!”

ቅርስ የሚለው ማዕረግ ከመጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። እስከዚያ ድረስ የእነዚህ ሸክላዎች የቤት ስም “ያ ካርቶን” ነበር። “ያ ካርቶን እግሬን መታኝ”፣ “ያን ካርቶን ለምን አትጥለውም”፣ “ድመቷ ያ ካርቶን ውስጥ ወለደች”። ማዕረጉን የሰጠው ዋሽንግተን የሚኖረው የእህታቸው ልጅ ነው፤ ስልክ ደውሎ፣ ፈረንጆቹ አንዲቷን ትንሽ የአማርኛ ሸክላ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር እንደሚገዙ ነገራቸው። በማግስቱ ካርቶኑ ከአልጋ ሥር ወጥቶ ቡፌ ላይ ተቀመጠ። ድመቷም ቤት እንድትቀይር ተደረገ።

ልጁ አልዋሸም። ሙዚቃ አሳታሚው አመሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የአገር ፍቅር ማኅበርን የሸክላ ማሳተም ብቸኛ መብት ከመጤፍ ሳይቆጥር፣ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አገር አሳትሞ ሲያመጣ ገና ወጣት ነበር። ሌላው አሳታሚ አሊ አብደላ ካይፋም በበኩሉ ተከተለ። ከዚያ ካሴት መጣ፤ አመሃ በ1975 አገር ለቅቆ ወጣ፤ ሸክላውም ወደ አልጋ ሥር ወረደ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ “ኢትዮፒክስ” ብሎ እነዚያኑ ሙዚቃዎች በተከታታይ አሳተመ፤ በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገባ፤ ፈረንጁም ዋናውን ሸክላ ፍለጋ ተነሣ። እኛም እንደ ልማዳችን፣ ሰው ሲፈልገው የራሳችን መሆኑ ትዝ አለን።

ከዚያ በፊት ለነበረው አያያዝ እኔ ምስክር ነኝ። አጎቴ በጉብዝናቸው ሸክላ የሚያጸዱት በሁለት መንገድ ነበር፤ እፍ ይሉበታል፣ አልሆን ካለ በሸሚዛቸው እጅጌ ያሹታል። መርፌው እየዘለለ ካስቸገረ እላዩ ላይ አሥር ሳንቲም ያስቀምጡበታል። አሁንም ከዘለለ ሌላ አሥር ሳንቲም። አንዳንዱ ዘፈን ሃምሳ ሳንቲም ድረስ ይፈጅ ነበር። እኔ ራሴ በልጅነቴ አንዱን ትልቅ ሸክላ መሪ አድርጌ በረንዳው ላይ ስንት ጊዜ አውቶቡስ ነድቻለሁ። አንዱ የወተት ማሰሮ ክዳን ሆኖ ከርሟል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ የሚተከልበትም ነበረ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም “ቅርስ” ብሎ አልጮኸም። አርባ ዓመት የተረሳ ፍቅር ሲመለስ ግን መፈግፈጊያ ይዞ ይመጣል።

ግማሹ ጥፋት የስሙ ሳይሆን አይቀርም። ሸክላ የሚባል ነገር እጃችን ሲገባ ድስትና ጀበና ነው ትዝ የሚለን። ድስት ይፈገፈጋል፣ ፀሐይ ይመታል፣ ይሟሻል። እትዬማ ነገሩን ትንሽ ከተመለከቱ በኋላ “ጎመን ዘር አይቀባም?” ብለው በቅንነት ጠይቀዋል።

ነገር ግን በድስትና በዚህኛው ሸክላ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ትልም ናት። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል። ሦስት ደቂቃ ተኩል የሚፈጅ ዘፈን እስኪያልቅ ከ150 ጊዜ በላይ ዞረ ማለት ነው። መርፌዋ የተጓዘችበትን ትልም ፈትተን ቀጥ አድርገን ብንዘረጋው 70 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከአጎቴ ሳሎን ተነሥቶ ማዶ ያለው ሱቅ ይደርሳል። ስፋቱ የፀጉር ያህል ነው። የጥላሁን ሲቃ ያለው በዚያች ትልም ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ነው። አጎቴ ደግሞ በመፈግፈጊያው የሚያርሱት አግድም ነው። ገበሬ እንኳ በሬውን በትልሙ ነው የሚነዳው።

“ጋሼ፣ ኦሞው እኮ ሲደርቅ ትልሙ ውስጥ ዱቄት ሆኖ ይቀራል” አልኳቸው።

“አለቀልቀዋለሁ!”

“በምን?”

“በቧንቧ ውሃ ነዋ!”

የቧንቧ ውሃ ሲፈላ ማንቆርቆሪያው ሥር ነጭ ነገር እንደሚጋግር እትዬ ያውቃሉ፤ ሸክላውም ላይ ሲደርቅ ያንኑ ነጭ ነገር ይተዋል። ሸክላ የሚወደው የተጣራ ውሃ ነው፤ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ዓይነት። ይህን ስናገር አጎቴ ወዲያው ተነሥተው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄዱ። ሻጩ “አሲዱን ነው ውሃውን?” ብሎ ሲጠይቃቸው “የሚያጸዳውን” አሉት። ደግነቱ ሻጩ አስተዋይ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠየቃቸው።

አጎቴ ብቻቸውን አይደሉም። ጎረቤታቸው አንድ ጡረተኛ ሻምበል ደግሞ የአረቄ ወገን ናቸው። “አልኮል የማያጸዳው ነገር የለም” ይላሉ፤ ለዚህም ጠርሙስ ካቲካላ ከፍተው አንድ ለሸክላው አንድ ለራሳቸው እያሉ ይሠራሉ። ከአምስተኛው ሸክላ በኋላ ማን ማንን እንደሚጠርግ አይለይም። ሻምበል ከአባታቸው የወረሱት በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር የጥንት ሸክላ ነበራቸው። በአረቄ በነከሩት ጥጥ ሲጠርጉት ጥጡ ጥቁር ሆነ። ደስ አላቸው። እንደገና ጠረጉ፤ እንደገና ጠቆረ። “ስንት ዘመን የተጠራቀመ ቆሻሻ!” እያሉ ሲያደንቁ ዋሉ። የጥንቱ ሸክላ ግን እንደ አሁኑ ፕላስቲክ አይደለም፤ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ የተሠራ ነው፤ ያ ሙጫ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። ሻምበል ያን ቀን በጥጥ ጠርገው የጣሉት ቆሻሻውን ሳይሆን ዘፈኑን ነበር።

ከኮሮና ጊዜ በተረፈ ሳኒታይዘር የሚያጥቡም አሉ። እጅ እንዳይደርቅ ተብሎ የተጨመረበት ግሊሰሪን ትልሙ ውስጥ ተለጥፎ ይቀራል። ሸክላው ከበሽታ ይድናል፤ ድምፁ ግን አይድንም።

ሞኝነቱን ለአገር ቤት ብቻ ብንሰጥ ግን ግፍ ነው። በሰለጠነው ዓለም የእንጨት ኮላ ሸክላው ላይ አፍስሰው፣ ሲደርቅ እንደ ቆዳ የሚገፉ ሰዎች አሉ። ሸክላውን እያራሱ እርጥቡን የሚያጫውቱም ነበሩ፤ አንዴ ያንን የለመደ ሸክላ ደረቁን ሲያጫውቱት ይንጫጫል ይባላል፤ ልክ እንደ ሻምበል። ዋሽንግተን ያለው የአጎቴ የእህት ልጅም ሸክላ በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ማሽን ገዝቷል። ዋጋው ካሉት ሸክላዎች ሁሉ ድምር ይበልጣል። ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ በላስቲክ ከረጢት ይከታል፣ መደርደሪያ ላይ ያቆማል። ዘፈኑን መስማት ሲያምረው ግን ስልኩን አውጥቶ ዩቲዩብ ይከፍታል። “ሸክላው እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው” አለኝ።

ወደ ሰፌዱ እንመለስ። ከማጠቡ ይልቅ የሚገርመው ማድረቁ ነው። አጎቴ መጀመሪያ በሱፍ ሹራብ አሹት። ፕላስቲክ በሱፍ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ኤሌክትሪክ የያዘ ሸክላ ደግሞ የሰፈሩን አቧራ በስሙ ጠርቶ ይሰበስባል። አቧራውን ሲያዩ እንደገና አጠቡት። ከዚያ “ፀሐይ የማያደርቀው የለም” ብለው ሰፌዱ ላይ አሰጡት። ሰማዩ የኅዳር 12 ሰማይ ነው፤ ጎረቤት አሮጌ ጫማና የበቆሎ አገዳ እያቃጠለ ነው። ጥላሸቱ እየበረረ መጥቶ እርጥቡ ማሕሙድ ላይ ያርፋል። አጎቴ እፍ ይሉታል። አርባ ዓመት አለፈ፤ ሳይንሱ እዚያው እፍ ላይ ነው።

እኩለ ቀን ላይ እትዬ በርበሬውን ሊያገላብጡ ወጡና ቆም አሉ።

“ሰውዬ፣ ይኼ ነገር ተነሣ እኮ!”

አየነው። ጥቁር ነገር ሙቀት ይጠጣል፤ ፕላስቲክ ደግሞ ሲሞቅ ይለሰልሳል። የዓለማየሁ እሸቴ ዳር እንደ ደረቀ እንጀራ ተነሥቶ፣ መሐሉ የሰፌዱን ጎድጓዳ ቅርጽ ይዟል። ከዚህ በኋላ ዘፈን ባይወጣውም ቆሎ ይቀርብበታል። አጎቴ ሊያቃኑት ጫን ሲሉት በሌላ በኩል ብድግ አለ።

እንደ ሽማግሌ መከርኳቸው። “ጋሼ፣ ሸክላ ጠርዙንና መሐሉን እንጂ ፊቱን አይነኩትም። አቧራ ብቻ ከሆነ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል፤ እሱም በትልሙ እየዞረ። በጣም ከቆሸሸ የተጣራ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ሳህን ማድረቂያው ላይ ጠርዙን አስደግፎ ማቆም ነው። በደንብ ሳይደርቅ ሽፋኑ ውስጥ ከገባ ደግሞ ይሻግታል።”

አጎቴ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ “መሐሉ ላይ ያለው ወረቀትስ?” አሉኝ በቀስታ።

“እሱማ ውሃ እንዲነካው አይፈለግም። ምነው?”

ዝም ብለው ሁለት ሸክላዎች አመጡ። ሌሊቱን ሳፋው ውስጥ ተዘፍዝፈው ያደሩ ናቸው። ጠዋት ሲፈገፈጉ ወረቀታቸው ተላጠ፤ አጎቴም ወረቀቶቹን አድርቀው መልሰው በኮላ ለጠፏቸው። ችግሩ፣ የትኛው ወረቀት የየትኛው ሸክላ እንደነበረ አላስተዋሉም። አንዱ ወረቀት ጥላሁን ገሠሠ ይላል፤ ሌላው ብዙነሽ በቀለ።

“እንግዲህ ሃምሳ በመቶ ትክክል ነው” አሉ አጎቴ።

“ታዲያ ምን ያስቸግራል? አጫውተን እንለያቸዋለና!” አልኩ። “ማጫወቻው የት አለ?”

አጎቴ እትዬን አዩ። እትዬ በርበሬውን አዩ። ሻምበል በአጥር በኩል አንገታቸውን አስግገው “አዎ፣ ያ ባለ ክዳኑ ማጫወቻ! ምን የመሰለ ዕቃ ነበር” አሉ።

ከአጎቴ መልስ ሲጠፋ እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ሳቅ እየታገላቸው ነገሩኝ። ካሴት የመጣ ጊዜ ቦታ ያዘ ተብሎ ከበረንዳው ጥግ ቆሞ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት “ልዋጭ! ልዋጭ!” የሚል ሰውዬ በበር ሲያልፍ አጎቴ ራሳቸው ጠርተው አስገቡት። ብዙ ተከራከሩ። ሰውዬው ጎበዝ ነጋዴ ነበር፤ መጀመሪያ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው ያለው። አጎቴ ግን አልተሸነፉም።

“ታዲያ ምን ሰጣችሁ?” አልኩ።

እትዬ በአገጫቸው ሰማያዊውን ሳፋ አመለከቱኝ።