ቤዝመንቱ ለማን ነው?

ኢቶቢኮ ውስጥ ዘረኝነትን የሀበሻ ወላጅ ያህል የሚቃወም አይገኝም፤ በተለይ የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ። እውነትም አለው። ኦንታሪዮ 9ኛ ክፍልን «አካዳሚክ» እና «አፕላይድ» ብሎ ሲለይ፣ ጥቁር ልጆች በብዛት ወደ ሁለተኛው ይገፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የሒሳቡ ትምህርት አንድ ሆነ። ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ጋር ሒሳብና ዘረኝነትን የሚያነሣ አንቀጽ ወጣ፤ በወሩ ገደማ መንግሥት ራሱ ፋቀው። የመንግሥቱ መሪ ዳግ ፎርድ ደግሞ የዚሁ የሰሜን ኢቶቢኮ ተመራጭ ናቸው።

ቤዝመንት አከራዩ ጋሼ ይህን ሁሉ በቃላቸው ይወጡታል። «ልጆቻችን በቆዳቸው አይመዘኑ!» ሲሉ አዳራሹ ያጨበጭባል። ማታ ስልካቸው ይጮኻል፤ ቤዝመንት ፈላጊ ነው።

«ሀበሻ ነህ ልጄ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጎሽ! አገር ቤት ከየት ነህ?»

«አዲስ አበባ።»

«እሱማ ሁላችንም... አባትህስ?»

ልጁ ይናገራል። ለካ ቤቱ ትናንት ተይዟል! የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የምትለዋን መስመር ሲረግሙ የሚውሉት እኚሁ ሰው ናቸው። የቤዝመንቱ ማስታወቂያ ግን ከሀበሻ ሱቁ በር ላይ ሳምንቱን ሙሉ አልተነሣም።

የኦንታሪዮ የሰብዓዊ መብት ሕግ አከራይ ተከራይን በዘር እንዳይመርጥ ይከለክላል። ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት ከተከራዩ ጋር የሚጋራ ባለቤትን ብቻ ይምራል። የጋሼ ቤዝመንት፣ ማስታወቂያው እንደሚለው፣ ወጥ ቤቱም ሻወሩም ለብቻው ነው።