ኮረብታው የማን ነው?

ተረት ተረት፣ የላም በረት።

ካምፓላ ከተማ ሳትሆን፣ ኮረብቶቿ የኢምፓላ ግጦሽ በነበሩበት ዘመን፣ «የእኔ» የሚባል ነገር ነበር፤ ወረቀት ግን አልነበረም። አንዲት ኢምፓላ የአገሩ ሰዎች ባጋንዳዎች ኦሉዋኚ የሚሉትን ተክል በድንበሯ ትተክላለች። ጠብ ከተነሣ ሽማግሌ ተክሉን አይቶ ይፈርዳል። ለአንበሳው ግብሩን ታደርሳለች፤ ክፉ ቀን ሲመጣ እሱም ያገሣላታል።

አንድ ቀን ከሐይቁ ማዶ ዝሆን መጣ። አንበሳው ተግዞ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ገና ደቦል ነበር። ዝሆኑ ከደቦሉ ሞግዚቶች ጋር ተማክሮ ቀላድ ጣለ። ግማሹን ለራሱ ያዘ፤ ሌላውን ለደቦሉ፣ ለሞግዚቶቹና ቀንዳቸው ረዘም ላለ አደለ። መዝገቡን እንዲጽፍ አባ ኮዳን፣ ያንን ራሰ መላጣ የቆሻሻ ክምር ጠባቂ ወፍ፣ ሾመ።

ኢምፓላዋ በሜዳዋ ተኝታ በሰው ሜዳ ነቃች።

«ሣሩ የአንቺ ነው፣ መሬቱ የባለወረቀቱ ነው» አላት አባ ኮዳ።

«ሣሩ ታዲያ ምን ላይ ነው የበቀለው?»

«እሱ በመዝገቡ የለም።»

ቆየና ጉማሬ ነገሠ። ወረቀቱን ሁሉ ሰብስቦ «ከእንግዲህ መሬቱ የሁላችንም ነው፤ የሁላችንን የምጠብቀው ግን እኔ ነኝ» አለ። እልልታው ቀለጠ። ጉማሬ የሚግጠው ሌሊት ስለሆነ ማን ምን እንደበላ ያየ የለም፤ ጠዋት ላይ ሣሩ ሳስቶ ተገኘ።

እንስሶቹን ትተን ሰዎቹን እንጥራ። በእንግሊዝና ዛሬ ኡጋንዳ ውስጥ ባለው በቡጋንዳ መንግሥት መካከል የቡጋንዳው ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው፤ 8,000 ካሬ ማይል ለ1,000 ሹማምንትና ባለርስቶች ተመደበ፤ ይዞታው እስከ ዛሬ «ማይሎ» ይባላል። አራሹ በአንድ ፊርማ ጭሰኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1975 የኡጋንዳው ገዢ ኢዲ አሚን መሬትን በአዋጅ የሕዝብ አድርጎ ባለርስቱን ወደ ሊዝ አወረደው። የእኛም ደርግ የገጠሩን መሬት የወረሰው በዚያው ዓመት፣ የካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ እንደገና በአንድ ዓመት፣ ሁለቱም አገሮች አዲስ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ አዋሉ፤ የእኛው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አለ፤ የእነሱ የዜጎች ነው ብሎ ማይሎን መለሰ። የእኛ ጭሰኛ ከባለርስቱ ተገላገለ፤ መንግሥትን ግን ጎረቤት አድርጎ ቀረ። የትኛው ይሻላል ለሚለኝ፣ ወረቀቱን የሚይዘው ማን እንደሆነ ሳላይ አልመልስም።

ወደ ተረቱ። ጉማሬው ከወረደ በኋላ ባለወረቀቱ ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ ኢምፓላዋም የተክሏን ድንበር ይዛ ቆመች። አዲሱ ሕግ «ሁለታችሁም እውነት ብላችኋል» አላቸው። በሙግታቸው መሐል ምስጥ ከመሬት ብቅ አለ።

«አፈሩን ያገላበጥነው እኛ ነን፤ በላብ ከሆነስ?»

አባ ኮዳ ምንቃሩን እንኳ አላነሣም። «ላብ አይመዘገብም።»

«የአንተስ ርስት የት ነው?»

«እኔ ርስት የለኝም» አለ አባ ኮዳ፤ «ያለ እኔ ግን የማንም ርስት ርስት አይደለም።»

አልዋሸም። ችግሩም እሱ ነው፤ የእኔ ያልኩትን የእኔ የሚያደርግልኝ ክንድ፣ የእኔ አይደለም ለማለትም ያው ክንድ ይበቃዋል። ኢምፓላዋ የተሻለ ዳኛ ፈልጋ አላገኘችም፤ ዳኛ ይቅር ብላ ብትመለስም የሚጠብቃት ቀንደ ረጅሙ ነው። ስለዚህ ሙግቱ ላይ አለች።

ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ከትመህ ቦታ ልግዛ የምትል ወገኔ ሆይ፣ የውጭ ዜጋ በኡጋንዳ ከሊዝ ያለፈ መብት የለውም። እሱንም ስትዋዋል ካርታ የያዘውን ብቻ አታናግር፤ ቦታው ላይ ሙዙን ተክሎ የሚኖረውን ባለ ኪባንጃም ጠይቅ። ሕጉ ሁለቱንም ያውቃቸዋል።