እንዲህም አድርጎ መሄድ አለ?

ኧረ የጎንደር ሰዎች! እንደኔ ጉልበታችሁ የሚንቋቋ፣ እንደኔ ጉሮሯችሁ በናፍጣ የተጠበሰ፣ ኑማ አብረን አቤት እንበል። ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ ደርሶ ነጠላው እንደነጣ የሚመለስ ሰው ቀርቷል? የኔ ጋቢ ሰኞ ታጥቦ ማክሰኞ ጠቁሯል። ድሮ ጭስ የሚወጣው ከማጀት ብቻ ነበር፤ እሱም ጣራ ከምስጥ የሚጠብቅ፣ ለቤቱ የሚያስብ ጭስ ነበር። ተራው ሰው በእግሩ፣ ባለማዕረጉ ኮርቻና ግላስ አስጭኖ በበቅሎው ይሄዳል። በቅሎ ምን ትለቃለች? ፋንድያ! ፋንድያው ደግሞ ለጓሮ ጎመን ይሆናል። እስቲ የባጃጅ ጭስ አንዲት ቅጠል ጎመን አብቅሎ አሳዩኝ።

ዐፄ ቴዎድሮስስ? ያን ሴባስቶፖል የሚሉትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ጋፋት ላይ አስቀልጠው፣ መንገዱን እያስደለደሉ፣ ገደል ለገደል አስጎትተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አምባ ሲያወጡት አንዲት ጠብታ ቤንዚን ፈሰሰች? አልፈሰሰችም! በክንድ ነው፣ በወኔ ነው። ወራት ፈጀ ትሉኝ ይሆናል። ይፍጃ! ምን አስቸኮለ? ዛሬ ጠዋት ግን ያ የባጃጅ ልጅ አንድ ሰው ልጨምር ብሎ ጥግ ይዞ ሲያቆመኝ ደሜ ፈላ። በሰው ጊዜ እንዲህ ይቀለዳል?

የእህቴ ልጅ ምህንድስና ተማርሁ ብሎ አላስቀምጥ ብሎኛል። «ጋሼ፣ የጭሱ ጥፋት የባጃጅ ልጆቹ ብቻ አይደለም፤ ከፍታውም አለበት» ይለኛል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ባለ ካርቡሬተሩ አሮጌ ሞተር ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅምና ነዳጁን እንደ ልማዱ ይቀዳል፣ የተረፈው ሳይቃጠል ጠቁሮ ይወጣል፤ ዳገቱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ደባርቅማ 2800 ሜትር አልፎ የተቀመጠ ነውና የባሰ ነው አለኝ። ሰማችሁልኝ? የሰሜን አየር ጎደለ! ዋልያ የሚፈነጭበትን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ላይ የተቀቡበትን አየር ሳስቷል የሚል ልጅ ነው ያሳደግነው። የጣሊያን ካሚዮን ሊማሊሞን ሲወጣ ማን ስለ አየር አወራ? አውታንቲው ድንጋይ ይዞ ከኋላ ይሮጣል፣ ሊንሸራተት ሲል ጎማው ሥር ይወትፋል፣ አለቀ።

ደግሞ ሌላ ሒሳብ አመጣ። ጭስ የሚለካው በተሳፋሪ ቁጥር ተካፍሎ ነው፤ አርባ ሰው የጫነ ቅጥቅጥ፣ ቢያጨስም፣ አንድ ሰው ብቻውን ከተንፈላሰሰበት አውቶሞቢል ይሻላል አለ። እኔ ቅጥቅጥ ላይ ወጥቼ የተካፈልሁት የሰው ላብና የሰው ክርን ነው። ስለዚህ ባጃጅ ኮንትራት እይዛለሁ፤ ብቻዬን፣ በክብር። እንዲያ ሆኖም መንገዱ ተጨናነቀ፣ የት አባቱ ይግባ ይህ ሁሉ ባጃጅ!

ዋናው በሽታ ግን የከተማዋ መበተን ነው፤ በዚህስ ከልጁ ጋር እስማማለሁ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሯት ግንቡ እዚህ፣ ገበያው እዚያው አራዳ፣ ደብሩም በእግር የሚሳለሙት ነበር። ማን ምን ተሽከርካሪ ፈለገ? አሁን ሰው ሁሉ ሜዳ ለሜዳ ይሰፍራል። የበኩር ልጄ አዘዞ፣ ታናሹ ጠዳ፣ ሴቷ ማራኪ ናት። ለሦስቱም ቦታውን ደጅ ጠንቼ ያስገኘሁት እኔ ነኝ፤ ግቢያቸው ሰፋ ይበል፣ ሰው አይጋፋቸው ብዬ። ታዲያ እነሱን ልጠይቅ ስዞር ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል፣ ኪሴም አብሮ። ይህን ከተማ እንዲህ የዘረጋጋው ሰው ምን ነክቶት ነው?

አዲስ አበባስ ብትሉ? በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር አመጡ፣ በመብራት የሚሄድ። ወጥቼበት አየሁት፤ ጭስ የለው፣ ኡኡታ የለው፣ ይህም ባቡር ተብሎ! ከ41ዱ ባቡር ብዙው ውሎ አድሮ መለዋወጫ አጥቶ ቆመ። ሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ዛሬም በእግሩ ነው አሉ። እሰይ፣ እንኳንም! በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አገር እንዳይገባ ተከለከለ። መብራቱ ከውኃ ነው፣ አያጨስም ይላሉ። አንዱ ኮቴውን እንዳጠፋ ድመት ከኋላዬ መጥቶ ከእግዜር ጋር ሊያገናኘኝ ነበር። ደሞስ እኛ ሰፈር መብራት በሄደ ቁጥር እሱ ምን ሊበላ ነው? ቤንዚን ቢያንስ ሲጠፋ በሃይላንድ ተቀድቶ ጥግ ላይ ይሸጣል፤ ውድ ነው፣ የተበረዘ ነው፣ ግን አለ። መብራትን በሃይላንድ የሚሸጥ አላየሁም።

አሮጌ መኪና አየሩን አበላሸ ተብሎም በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ አዋጅ ወጥቶ ከውጭ በሚገባው ላይ ከባድ ታክስ ወደቀበት። ደግ አደረጉ! ሌላው አገር የጠገበውን ቅራቅንቦ ሁሉ እዚህ ማራገፍ ምን ይሉታል? የኔን ቮልስ ግን ከእነዚያ ጋር የሚቆጥር ካለ ይምጣና እንጣላ። እሷ የባለሙያ እጅ ናት፤ ስትነሳ ሰፈሩ ሁሉ ተነሳ። ጭሷም እንደ ዘንድሮው ጥቁር አይደለም፣ ሰማያዊ ነው፣ ዐይን አያስቀይምም። የእህቴ ልጅ አፍንጫውን ይዞ «ጋሼ፣ ዘይት እየበላች እኮ ነው፣ ትሸጥ» ይለኛል። ትብላ! ይህን ሁሉ ዘመን አገልግላኝ ምን ትብላ ታዲያ?