ክብር ለወለቀው ማርሚታ

በአሜሪካም ሆነ በእንግሊዝ የሞዴል አውሮፕላን ሜዳዎች ላይ ቅዳሜ ጠዋት ከሚሰበሰቡት መካከል፣ ማርሚታውን በሁለት ልል ብሎኖች አንጠልጥሎ የሚያበርረውን ሰው ያህል የማከብረው የለም። ሌላው ቁልፍ ይዞ ሞተሩ ላይ ያጎነብሳል፤ እሱ ሰማይ ሰማይ ያያል። እምነት ይሉሃል ይህ ነው!

6.5 ሲሲ የሆነ ባለሁለት ምት ሞተር በደቂቃ 12,000 ጊዜ ቢዞር፣ በሴኮንድ 200 ጊዜ ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ሲበር እነዚያ ሁለት ብሎኖች 120,000 ጊዜ ይናጣሉ። ቅቤ ለማውጣት እንኳ ይህን ያህል አይናጥም። ጀግናችን ግን ብትጠይቁት «ባለፈው ወር አጥብቄዋለሁ» ይላችኋል፤ ብሎኑ ቃል የገባለት ይመስል።

ሙቀቱም አለ። ማርሚታው አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኑ ብረት። ሲግሉ አሉሚኒየሙ ከብረቱ እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይለጠጣል፤ የብሎኑን ራስ ይገፋል፣ መውጫ ሲያጣ ራሱ ይጨፈለቃል። ሲቀዘቅዝና ሲሰበሰብ ብሎኑ ልል ሆኖ ይቀራል። አዲስ ሞተር ከመጀመሪያው ሥራው በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይወጣለት እንደገና ይጥበቅ የሚባለው ለዚህ ነው። ሥራው ግማሽ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ታዲያ መመሪያ ማንበብ የጀማሪ ነገር አይደል? ሙያ በልብ ነው።

ሰነፍ ነው እንዳትሉብኝ። ለመግዛት የሚቀድመው የለም። በመጀመሪያ የተሰነጠቀችውን ስፕሪንግ ሮንዴላ ገዛ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ገርሃርድ ዩንከር ወደ ጎን የሚናጥ ብሎን ራሱን በራሱ እንደሚፈታ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ናሳም በ1990 ባወጣው የብሎን መመሪያ፣ ያቺ ሮንዴላ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ተጨፍልቃ ተራ ሮንዴላ ስለምትሆን ለመቆለፍ አትረባም ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። ናሳ ደግሞ ምን ያውቃል? ጨረቃ ላይ ሰው አወረደ እንጂ የእኛን ሜዳ መቼ አየ!

ቀጥሎ ሰማያዊው ሙጫ መጣ፣ ሎክታይት። የኬሚስትሪ መምህሩ ቬርነን ክሪብል በ1953 ኮነቲከት ውስጥ የፈጠረው ይህ ሙጫ አየር ሲያጣና ብረት ሲነካ ይጠነክራል፤ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የብሎኑ ጥርስ ከዘይት ይጽዳ። ወዳጃችን ከነዳጁ ጋር የሚቀላቀለው የጉሎ ዘይት በሚንጠባጠብበት ብሎን ላይ ጠብ ያደርግና እፎይ ይላል። ሙጫው ዘይቱ ላይ ይዋኛል። ቢደርቅለት እንኳ ተራው ዓይነት ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚታመን አይደለም። ጠርሙሷ ግን ቆንጆ ናት፤ የመሣሪያ ሣጥን ታሳምራለች።

ከሁሉ የምወደው ምርመራውን ነው። በብዙዎቹ ሞተሮች ከማርሚታው ወደ ነዳጅ ታንኩ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች፤ የጭሱ ግፊት ነዳጁን ወደ ሞተሩ ይገፋል። ማርሚታው ሲላላ ግፊቱ ይወርዳል፣ ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ አየር ላይ ቀጥ ይላል። ያኔ ጉባኤ ይቀመጣል። አንዱ ነዳጁ አርጅቷል ይላል፣ አንዱ ካንዴላው ይቀየር ይላል፣ አንዱ የካርቡራተሩን መርፌ ሩብ ዙር ያዞራል። የአውሮፕላኑ ጎን ከማርሚታው ሥር ጀምሮ በጥቁር ዘይት ተለቅልቋል፤ ጉባኤተኛው በጨርቅ ይጠርገውና ክርክሩን ይቀጥላል።

ጎረቤቱስ? እንግሊዞች በ1982 ባወጡት የአሠራር ደንብ የአንድ ሞዴል አውሮፕላን ድምፅ በ7 ሜትር ርቀት ከ82 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክረው ነበር። ማርሚታው የወለቀ ሞተር ግን ለመንደሩ ሁሉ በነጻ ይዘፍናል። ሰው በጩኸት ተማርሮ ሜዳውን ሲያዘጋ፣ ያው ጉባኤ «ሕዝቡ በራሪ አይወድም» ብሎ ያዝናል።

ይህን ሁሉ በቅርብ የማውቀው ጀግናው እኔው ስለሆንኩ ነው። ስለዚህ አሁን ከሜዳው ጫፍ ሣር ውስጥ የወደቀ ማርሚታ ያገኛችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ በእጃችሁ አትንኩት። ገና ትኩስ ነው፤ ብሎን ለማጥበቅ ጥሩ ሰዓት ነበር።