ዋርዴር ነው የቀደመው

የካቲት መግቢያ ላይ ቅሬያችን፣ ማለት ዕድራችን፣ በማርፈድ ቀጣኝ። በሰባ ስድስት ዓመቴ! የተጠራሁት ለ6 ሰዓት ነበር፤ እኔም በ6 ሰዓት ደረስኩ። ሰብሳቢው ግን የእጅ ሰዓቱን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «አያ፣ 6 ከ35 ሆኗል» አለኝ።

እኔ እኩለ ቀንን የማውቀው በከዘራዬ ነው። ግቢዬ ውስጥ ቀጥ አድርጌ እተክለዋለሁ፤ ጥላው አጥሮ አጥሮ መልሶ መርዘም ሲጀምር 6 ሰዓት ነው። አባቴም እንዲሁ ኖረ፤ የቀጣው ቅሬ የለም።

በንዴት ደሴ ሄጄ ሰዓት ገዛሁ። እሱም ከከዘራዬ ጋር ተጣላ። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት፤ ባትሪ ቀየረና ገንዘቤን ተቀበለ። ደግሜ ወሰድኩት፤ አሁንም ተቀበለ። በሦስተኛው እውነቱን ነገረኝና ይባስ አናደደኝ።

«አባባ፣ ሰዓቱም ከዘራውም ጤነኞች ናቸው» አለ። ለካስ እኛ፣ ኬንያና ሶማሊያ የምንጋራው ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መሥመር ላይ ነው። መሥመሩ አገራችንን የሚያቋርጠው ኦጋዴን ውስጥ፣ ዋርዴር አጠገብ ነው። የእኛዋ ከተማ ሐይቅ ያለችው 40 ዲግሪ እንኳ ሳትሞላ ነው። ምድር አንዷን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ስለምትዞር፣ የዋርዴር ፀሐይ ከእኛዋ 21 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። ማን ጠየቀኝ?

በዚህም አላበቃ። ምድር የምትሄድበት መንገድ ልክ ክብ አይደለም፤ እሷም ዘመም ብላ ነው የምትሽከረከር። ስለዚህ ፀሐይ በጥቅምት ማብቂያ 16 ደቂቃ ትፈጥናለች፣ በየካቲት መግቢያ 14 ደቂቃ ትዘገያለች። የከዘራዬ 6 ሰዓት በጥቅምት 6 ከ5፣ በየካቲት 6 ከ35 የሚሆነው ለዚህ ነው። እኔም ዘመም ብዬ ነው የምሄደው፤ ቡና ላይ ግን ዘግይቼ አላውቅም።

«ልዩነቱን የሚያሳይ ሰዓት የለም?» ብዬ ብጠይቀው፣ ስዊሶች ይሠራሉ አለኝ፤ ውስጡ ኩላሊት የመሰለች ብረት ዓመቱን ሙሉ እየዞረች ልዩነቱን ትናገራለች። ዋጋዋን ሲነግረኝ የራሴ ኩላሊት አመመኝ።

ጎረቤታችን አምባሰል ለሁለት ቃል አዲስ አይደለችም። እዚሁ ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17 በአማርኛ ፈቃድ ሲሆን በጣሊያንኛ ግዴታ ሆኖ ይነበብ ነበር። ያኛው አድዋ ድረስ ወሰደን። የእኔንስ 6 ሰዓት ማን ይዘምትለት?

ነገሬ የገባቸው ጎረቤቴ ሼሁ ብቻ ናቸው። የዙሁር ሶላት የሚገባው ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ስለሆነ፣ ከከዘራዬ ጋር ተጣልተው አያውቁም።

እንግዲህ የቅሬ ሰዎች ሆይ፣ ቅጣቴን መልሱልኝ። እኔ አልዘገየሁም፤ ዋርዴር ነው የቀደመው።