ጣሳ የተደፋበት ሸንጎ፦ የመንዝ ጠላ ቤትና ደንበኞቹ በጥናት ዓይን

መንዝ በተመራማሪ የታደለ አገር ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እዚያ ተቀምጦ ያየውን በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» በሚል መጽሐፍ አሳተመ። ከእሱ ወዲህ የጓሳን ሣር፣ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ሊያጠኑ የመጡ ምሁራን መሐል ሜዳን ሲያቋርጡ ኖረዋል። ጭላዳ ከቀኑ ምን ያህሉን ሣር ሲነጭ እንደሚውል ዛሬ በመዝገብ ይታወቃል። አንድ ጡረተኛ የመቶ አለቃ ከቀኑ ምን ያህሉን በጠላ ቤት መደብ ላይ እንደሚያሳልፍ ግን የመዘገበ የለም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

ጠላ ቤት ፈቃዱን ግድግዳ ላይ አይሰቅልም። ደጁ ላይ እንጨት ይተክልና ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋል። ጣሳው ካለ ጠላ አለ፤ ከወረደ አልቋል። ይህን የሚያህል ግልጽ ማስታወቂያ በየትኛውም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ አልተገኘም። ውስጡ ጭስ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ ውርጭ ስለማይቀለድበት መስኮት ማብዛት እንደ ብክነት ይቆጠራል። ደንበኛው ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ስለሚቀመጥ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በሳሉ ነው።

ስለ መጠጡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ገብሱ በቅሎ፣ ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ እንኩሮው ሲገባበት ድፍድፍ ይሆናል፤ ጋን ውስጥ ሰንብቶ ውኃ ሲጨመርበት ይጠጣል። የአልኮል መጠኑ ከ2 እስከ 6 በመቶ ይገመታል። ይህ አሃዝ የላቦራቶሪ ነው፤ ላቦራቶሪ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጦ «በሞቴ!» የሚለው ሰው የለም። የጥራት ቁጥጥሩን የምታካሂደው ባለቤቲቱ ናት፦ ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። መርዝ እንደሌለው በዚህ ይረጋገጣል። ቅራሪ አለመሆኑ ግን አይረጋገጥም።

ገበሬ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ያመጣል? ወሩ በልደታ ይጀምራል። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ነው። እሑዶቹን ይጨምሩ፤ የገበያውን ቀንና የለቅሶውንም ይጨምሩ። ሞፈር የሚነሣው በተረፈው ነው። ጾም ይገታዋል እንዳይባል ጠላ የጾም ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት መታገሥ ግድ ይላል፤ 9 ሰዓትም በጠላ ቤት አካባቢ ከሌላው ሰፈር ቀደም ብሎ እንደሚሞላ ተስተውሏል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ደንበኛው። ከላይ የተጠቀሰው የመቶ አለቃ በመጀመሪያው ጣሳ ናቅፋ ላይ የከበበው ጠላት አንድ ሻምበል ነበር። በአራተኛው ብርጌድ ይሆናል። አጠገቡ ማመልከቻ ጸሐፊው አለ፤ የሁለት ተሟጋቾችን አቤቱታ ለየብቻ ጽፎ ከሁለቱም ጋር ይጠጣል። ይህን እንደ ነውር የቆጠረ ሰው አላጋጠመም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የዘር ቆጠራው ነው። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ ከመንዙ ነጋሲ ክርስቶስ እንደሚነሣ የታሪክ መጻሕፍት ይናገራሉ። ጠላ ቤት ይህን ዕውቀት ለሕዝብ አዳርሶታል። ሰውየው ሲገባ የአባቱ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ጣሳ ላይ አያቱ ባላባት ይሆናሉ፤ ሦስተኛው ላይ ነጋሲ ዘንድ ይደርሳል። እስከዚህ ሰላም ነው። ጠብ የሚነሣው ሁለት ሰዎች በአንድ ቅድመ አያት በኩል ሲመጡና «እንግዲያው ያ ከወንዙ ማዶ ያለው እርሻ የማን ነው?» የተባለ እንደሆነ ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው አዋጅ የወጣው የካቲት 1967 ዓ.ም. ነበር። እዚህ ቤት ገና አልተነበበም።

ዱላ ሲገቡ ለባለቤቲቱ ይሰጣል፤ ስለዚህ ድብድቡ በዋንጫ ይጀመራል። ዳኛዋም እሷው ናት። ቅጣቷ አንድ ነው፦ አትቀዳም። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም፤ አምስት ዓመት በድንበር ሲካሰስ የኖረ ሰው እንኳ ይህን ፍርድ በአንድ ምሽት ተቀብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። የዱቤ መዝገቡ ግድግዳው ላይ በከሰል የተጫረ ነው። ጣራው የሚያፈስበት ቤት ደንበኛ ይበዛዋል።

የግሼ ጠላ ቤት ከመንዝ አይለይም፤ ግሼዎች ግን ይለያል ይላሉ። ወደ መርሐቤቴ ቆላ ሲወረድ አረቄ በመለኪያ ስለሚቀዳ ክርክሩ ያጥራል። የዘር ቆጠራው አያት ላይ ሳይደርስ ያልቃል።

በ2007 ዓ.ም. ሐበሻ ቢራ ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካውን ከፈተ፤ ዳሸንም እዚያው አለ። ጠርሙሱ ሽቅብ ወደ መንዝ ሲወጣ ቴሌቪዥኑ ተከተለው። በቢራ ቤት ማንም ነጋሲን አያነሣም። ጠቡ ግን አልቀረም፦ አሁን የሚደባደቡት በአርሰናልና በማንቼ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ የመሬት ድርሻ የላቸውም። ከጥናቱ አንጻር ይህ ግልጽ ውድቀት ነው።

ለመስክ ሥራ የምትወጡ አንባቢዎች ሆይ፦ ዱላችሁን አስረክቡ። የመጀመሪያውን «በሞቴ» እምቢ አትበሉ። አገራችሁን ስትጠየቁ ራቅ ያለ ቦታ ጥሩ፤ ሒሳባችሁንም ጀንበር ሳለች ክፈሉ።