ሞተር በሰዓት ነው የሚያረጀው

ልጄ አዲስ መኪና ከገዛ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሰላም የለም። በገንዘብ አልተጣላን፣ በውርስ አልተጣላን፤ የምንጣላው በዘይት ነው። የወጥ ዘይት ቢሆን እናቱ ትዳኘን ነበር፤ የሞተር ዘይት ሆነና ዳኛ ጠፋ።

እሱ ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ታቅፎ «አባዬ፣ 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት ይላል» ይለኛል። የጋራዡ ልጅ ደግሞ መስታወቱ ላይ ወረቀት ለጥፎ «አባባ፣ በየ3,000ው ብቅ በሉ» ይላል። እኔ ሁለቱንም አላምንም። ጋራዡ ዘይት ይሸጣል፤ ዘይት ሻጭ «ቆይ፣ ገና ነው» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ፋብሪካውም መኪና ይሸጣል፤ «ይቺ መኪና ወጪ የላትም» ቢባልለት አይጠላም። ደግሞስ ዓመት ሲል የማንን ዓመት ነው? እነሱ 12 ወር ቆጥረው ዝም ይላሉ፤ ጳጉሜን መኪናዋ ጾም ልትይዝ ነው?

የዘመኑ ልጅ የሚጥመውን መስመር ካገኘ በኋላ ገጽ አይገልጥም። መነጽሬን ሰክቼ ቀጣዩን ገጽ ባነበው ምን ቢል ጥሩ ነው? በከባድ ሁኔታ የምትነዳ መኪና ከሆነች ኪሎ ሜትሩንም ወሩንም በግማሽ ቀንሱ ይላል። ከባድ ሁኔታ ያለውንም ዘርዝሮታል፦ አቧራ፣ አጭር ጉዞ፣ ሞተር ሳይጠፋ ረጅም ሰዓት መቆም፣ እየቆሙ እየተነሡ መሄድ፣ ጭነት ማብዛት። ይህን የጻፈ ሰው አመሻሹ ላይ መገናኛ ቆሞ ነው የጻፈው። ለልጄ ሳሳየው «እሱ በረሃ ለሚነዱ ነው እኮ» አለኝ። ከጎሮ ሜክሲኮ ለመድረስ ስንት ጊዜ ፍሬን እንደሚረግጥ እግሩን ቢጠይቀው ይነግረው ነበር።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬን የበላሁት ግሬደር ላይ ነው። ግሬደር ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚታየው የሰዓት ቆጣሪው ነው። የእኛ 250 ሰዓት ሲሞላ ዘይቱ ይወርዳል፣ ፊልትሮው ይቀየራል፣ አለቀ። ሞተሩ ከተነሣ፣ ጎማው ባይንቀሳቀስም፣ ቆጣሪው ይቆጥራል። የቤት መኪና ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ እያጉረመረመች ብትቆም ኪሎ ሜትሩ አንዲት ቁጥር አይጨምርም። እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። በሰፊ ጎዳና በሰዓት 80 ለሚነዳ ሰው 10,000 ኪሎ ሜትር ማለት 125 ሰዓት ነው። በሰዓት 15 እየተጎተተ ቢሮ ለሚገባው ልጄ ግን ያው 10,000 ከ660 ሰዓት በላይ ይሆንበታል! ሞተሩ አምስት እጥፍ ደክሞ ደመወዙ ያው ነው ማለት ነው። ደግ ልሁንለትና በሰዓት 20 ይሄዳል ልበል፤ 250 ሰዓት በ20 ሲባዛ 5,000 ነው። መጽሐፉ «በግማሽ ቀንሱ» ያለውም እሱኑ ነው። ልጄ ስሌቱን አይቶ «ግሬደር እኮ ናፍጣ ነው» ብሎ ስልኩን አነሣ።

አጭር ጉዞውማ አይነሣ። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ልጁን እዚሁ ሰፈር ትምህርት ቤት ያደርስና ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ያጠፋዋል። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ያልተቃጠለ ቤንዚንና እርጥበት ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ረጅም መንገድ ቢያገኝ ተኖ ይወጣ ነበር። ባለፈው ኮፋኖውን ከፍቼ የዘይቱን ክዳን ብፈታው ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ይዟል። ጠርቼ አሳየሁት። ፎቶ አነሣው።

ጋራዥ ሲሄድ እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ አይወድልኝም። የጋራዡ ልጅ የዘይት መለኪያውን መዝዞ በነጭ ጨርቅ ጠረገና «ይኸው አባባ፣ ጠቁሯል» አለ። ይጥቆር! የዛሬ ዘይት ማጽጃ አብሮት አለ፤ ጥላሸቱን ከሞተሩ ላይ እያጠበ ይዞት ይዞራል፤ ሥራው ይኸው ነው። እኔ ቀለም አላይም። በሁለት ጣቴ አሸዋለሁ፣ አሸተዋለሁ፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይም ሻካራ ነገር ከቆረቆረኝ ያን ጊዜ ነው የምደነግጠው። ስንወጣም ባዶውን የዘይት ዕቃ ይዤው እወጣለሁ፤ ሌላ ነገር ተሞልቶበት ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ። ልጄ ያፍርብኛል፤ ግድ የለም።

አዲሱ ዘይት ደግሞ ዜሮ ደብሊው ሃያ ነው አሉኝ። ሲቀዳ አየሁት፤ እጅ የሚታጠቡበት ነው የሚመስለው። ሞተሩ የተሠራው ለእሱ ነው፣ መጽሐፉም ያዘዘው እሱን ነው፤ ስለዚህ አፌን ይዣለሁ። ግን ድሮ የነበረችኝ ቮልስ ሁለት ሊትር ተኩል ወፍራም ዘይት ትጠጣ ነበር፤ ፊልትሮ እንኳ አልነበራትም፣ ከሥር ትንሽ ወንፊት ብቻ። አዲስ መኪናም ሮዳጅ ይባልላት ነበር፤ ቀስ ተብላ ተነድታ፣ የመጀመሪያው ዘይት ብናኝ ብረቱን ይዞ ቶሎ ይወርድ ነበር። ዛሬ ልጄን ሮዳጅ ብትለው የምግብ ስም ይመስለዋል።

ይህን ሁሉ የምጨቀጭቀው ሥራ ፈትቼ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከልክሏል። ይቺ ብትሞት እንደ እሷ ያለች አዲስ ከየት ትመጣለች? ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ ገዝቶ ጠዋት ጠዋት በአጥራችን በኩል ሲያልፍ «ጋሼ፣ የእኔ የሞተር ዘይት አታውቅም» ይለኛል። መብራት በጠፋ ቀን ሰላምታውም ይጠፋል።

ትናንት ማታ ጭቅጭቁ እንደገና ተነሣ። እሱ 10,000፣ እኔ 5,000 ወይም ስድስት ወር። ባለቤቴ ቡናውን አቀረበችና «ምን አጣላችሁ? አቁሟት። ካልተነዳች ዘይቱ ምን ይሆናል?» አለች። የቆመች መኪናም ብትሆን ዘይቱ በዓመት መቀየር እንዳለበት ማስረዳት ጀመርኩ። ሁለቱም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመሩ።